ዝቅ ያለች መኪና ይዘው መርከብ ሲሳፈሩ

ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ካለዎት፣ ወይም አንድ ቀን እንድትኖርዎት የሚመኙ ከሆነ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ። መኪናዎን ባሕር አይጎዳትም። ማዕበሉም ሆነ ጨዋማው ነፋስ በአንድ ጉዞ ምንም አያደርጋትም። የሚጎዳት ከወደቡ ወደ መርከቡ የምታልፍባት ያቺ የግማሽ ደቂቃ መንገድ ናት። እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

መኪናዬ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ናት። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትንሽ መኪና። እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ ከዋለች ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ስለዚህ የሀብታም መኪና አይደለችም። ለንደን ውስጥ ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ሠርቼ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ሰጥቼ ያገለገለች ገዛሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሞላዋን በአጭር ሞላ ቀይሮት ስለነበር ከፓራውልቷ በታች ያለው ክፍተት 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ በደህና ያልፋል፤ ጀበናው ግን አያልፍም።

የመጀመሪያውን ጉዞ ብቻዬን ነበር የሄድኩት፤ ከዶቨር ወደ ካሌ፣ በሌሊት። ከኋላዬ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መብራቱን መስታወቴ ላይ ለቆብኛል። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የመርከቡ ሠራተኛ፣ ልክ እንደ እኛ አገር ተራ አስከባሪ፣ እጁን እያወናጨፈ «ቶሎ፣ ቶሎ» ይለኛል። ፊት ለፊቴ ያለው ዳገት እንደማይሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ቆም ብዬ «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና እዚህ ላይ አትወጣም» ማለት ነበረብኝ። ግን ያንን ሁሉ ሰው አስቁሜ? ይሉኝታ ያዘኝ። ወጣሁ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ካሌ ደርሼ ሳየው ፓራውልቱ እንደ አሮጌ ምጣድ ከዳር እስከ መሐል ተሰንጥቋል። ማሠሪያው የግማሽ ወር ደመወዜን በላ።

የት ላይ ነው የምትመታው?

ወደቡን ከመርከቡ ጋር የሚያገናኘው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ነው። ወደቡ ከቦታው አይነቃነቅም፤ መርከቡ ግን ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ዶቨር ላይ ሙላቱ በሚበረታባቸው ቀናት ባሕሩ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ 6 ሜትር ያህል ይወርዳል። የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ድልድዩም እንደ ሰዓቱ አንዴ ሽቅብ፣ አንዴ ቁልቁል ይሆናል።

ባሕሩ ሲጎድል ቁልቁል ይወርዱና ታች ካለው ጠፍጣፋ ወለል ጋር ሲገናኙ የመኪናዋ አገጭ ይፋቃል። ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ሽቅብ ይወጡና ጫፉ ላይ የፊት ጎማዎቹ ካለፉ በኋላ ሆዷ ይቀመጣል። አገጭ ከፕላስቲክ ስለሚሠራ ጉዳቱ ከገንዘብ አያልፍም። ሆዷ ሥር ግን የሞተር ዘይት የሚይዘው ኮፓና ማርሚታው አሉ። ኮፓው ከተቀደደ ጉዞዎ እዚያው ያበቃል።

ስለዚህ የሚችሉ ከሆነ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የወደቡን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰዓት ይመልከቱ። ሰንጠረዡ በየወደቡ አስቀድሞ ይወጣል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል የሚነሳ መርከብ ቢመርጡ ድልድዩ ለጥ ያለ ይሆንልዎታል። ከጀርመን ፑትጋርደን ወደ ዴንማርክ ሮድቢ በ45 ደቂቃ የሚሻገሩ ወገኖቻችን ይህ ጭንቀት የለባቸውም፤ የባልቲክ ባሕር ሙላትና ጉድለት የለውም ቢባል ይቀላል። በተቃራኒው በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ትንንሾቹ መርከቦች መዝጊያቸውን በሲሚንቶ ቁልቁለት ላይ ዘርግተው ነው መኪና የሚያስገቡት። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል በእኔ መኪና አልሞክረውም።

ሁለተኛው አደጋ መርከቡ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም እሱን ነው። ዋናው ወለል ለጭነት መኪናዎችና ለአውቶቡሶች ይሰጥና የቤት መኪናዎች በውስጥ መወጣጫ ወደ ላይኛው ፎቅ ይላካሉ። ይህ መወጣጫ ብዙ ጊዜ ከውጭው ድልድይ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። የእኔ ፓራውልት የተሰነጠቀው እዚያ ላይ ነበር።

ቅጹ የማይጠይቅዎ ጥያቄ

ትኬት ሲቆርጡ የመኪናዎን ርዝመትና ቁመት ይጠየቃሉ። ቅጹ «ምን ያህል ረዥም ነዎት?» ይላል እንጂ «ምን ያህል አጭር ነዎት?» አይልም። ጣሪያ ላይ ሻንጣ የጫነ ሰው ይታሰብለታል፤ የእርስዎ ግን የሚታወቀው እርስዎ ሲናገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለው ይጻፉላቸው ወይም ይደውሉላቸው። «መኪናዬ ከመሬት ያላት ከፍታ ይህን ያህል ነው፤ በዋናው ወለል ላይ እንድቆም እፈልጋለሁ» ይበሉ። ወደቡ መግቢያ ላይ ትኬቱን ለምታየው ሠራተኛ ይድገሙላት። መርከቡ በር ላይ ለቆመውም እንደገና ይንገሩት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሦስተኛው ላይነግሩት ይችላሉ።

ሰዎቹ ይቆጣሉ ብለው አይፍሩ። ዝቅ ያለ መኪና ብርቃቸው አይደለም፤ መወጣጫ ላይ ተቀርቅሮ መርከብ የሚያዘገይ መኪና ነው የሚያስጠላቸው። ድሮ እኮ ጭንቀቱ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ከዶቨር መኪና ማሻገር ሲጀመር መኪናዎቹ እንደ ጆንያ በክሬን ተንጠልጥለው ነበር የሚጫኑት። በዶቨር ወደብ እየነዱ መግባት የተለመደው ከ1953 ወዲህ ነው። የዛሬው ሠራተኛ የሚጠብቀው «እባክህ ቀስ ብዬ ልግባ» የሚል ሰው ብቻ ነው።

ከፊትዎ ያለው መኪና ዳገቱን ጨርሶ እስኪያልፍ ታች ይጠብቁ፤ አለበለዚያ እሱ ሲቆም እርስዎም መጥፎው ቦታ ላይ ይቆማሉ። በአንደኛ ማርሽ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሂዱ። ቦታው ከፈቀደ ትንሽ አግድም ይያዙት፤ አንዱ ጎማ ቀድሞ ሲወጣ አገጯም አብሮ ይነሳል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ፍሬን አይርገጡ። ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ አፍንጫ ይደፋል፤ የጎደለዎት ሁለት ሴንቲሜትር እሷ ናት። ፖርሽ ያላቸው ሰዎች ተጨማሪ ከፍለው በቁልፍ አፍንጫዋን 4 ሴንቲሜትር ያህል የሚያነሳ መሣሪያ ያስገጥማሉ። እኛ በእግራችን እንጠንቀቅ።

እናቴ እና ባሕሩ

ሁለተኛውን ጉዞ ከእናቴ ጋር ነበር ያደረግሁት። ፓሪስ ያለችው እህቴ ሴት ልጅ ወልዳ የ80 ቀን ክርስትናው እሑድ ነው። ባለቤቴና ልጆቼ በአውሮፕላን ሄዱ። እናቴ ግን ከአዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ አንድ ነገር ይዛለች፦ «ባሕር ሳላይ አልመለስም»። 71 ዓመቷ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። (በነገራችን ላይ ወላጅ ጋብዘው ከለንደን ወደ ፈረንሳይ ሊወስዱ ካሰቡ የእንግሊዝ ቪዛ ብቻውን አይበቃም፤ ሸንገንም ያስፈልጋል። የፈረንሳይ ፖሊሶች ፓስፖርት የሚያዩት ገና ዶቨር ላይ፣ መርከብ ሳይሳፈሩ ነው።)

መኪናዋ ውስጥ ማስገባት ራሱ ሥራ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ፣ ትከሻዬን ይዛ ወረደች፣ ወረደችና፣ «ወንበሩ የታለ? መሬት ላይ እኮ ነው ያስቀመጥከኝ» አለች። ሻንጣዋን ቀንሼ ከባዱን ለባለቤቴ አስይዤ ነበር፤ ጭነት በበዛ ቁጥር መኪናዋ ዝቅ ትላለች። በርበሬውና ሽሮው ግን ከእሷ ጋር ካልሆነ አይሆንም አለች።

በዚህኛው ጉዞ ሁሉን አስተካክዬ ነበር። ጽፌያለሁ፣ ሰዓቱን አይቻለሁ፣ መግቢያው ላይም ተናግሬያለሁ። ድልድዩን በሰላም አለፍን። መርከቡ ውስጥ ስንገባ ግን አንዱ ወጣት ሠራተኛ ወደ ግራ፣ ወደዚያው ወደማውቀው መወጣጫ ጠቆመኝ። ቆምኩ። ከኋላዬ ጥሩንባ ተነፋ። የግንባሬ ላብ መጣ፤ እግሬም ወደ ቤንዚኑ ሄደ።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ።

«እዚያ ላይ ከወጣሁ ትሰበራለች።»

«ታዲያ አትነግረውም? አፍ የለህም?»

መልስ ሳልሰጣት መስታወቱን አወረደች። እጇን እስከ ክንዷ አውጥታ መዳፏን ወደ መሬት ገልብጣ ዝቅ፣ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ በጣቷ መወጣጫውን እያሳየች «አይሆንም! አይሆንም!» አለችው፤ በአማርኛ። ልጁ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ አየ፣ ሳቀ፣ በሬዲዮ አንድ ነገር ተናገረና ወደ ቀኝ፣ በጭነት መኪናዎቹ መካከል ወዳለው ጠፍጣፋ ቦታ መራን። ይኸው ነው። አሥር ሰከንድ አልፈጀም።

መርከቡ ውስጥ ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬኑን ጠበቅ ያድርጉ፤ ማርሽ ውስጥም ይተዉት። አላርሙ መወዛወዝ የሚሰማ ከሆነ ያንን ክፍሉን ያጥፉት። ባሕር ላይ መኪናዋ ስትነቃነቅ ሌባ የመጣ ይመስለዋልና ሲጮህ ቆይቶ ባትሪዎን ይጨርሰዋል። እርስዎም ሄደው ሊያጠፉት አይችሉም፤ መርከቡ ከተነሳ በኋላ መኪና ወዳለበት ወለል መውረድ ክልክል ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ጋቢ ይዘው ይውጡ። የቆሙበትን ወለል ቁጥርና የደረጃውን ቀለም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ የጠፋሁት እዚያ ነው።

ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ባቡሩ በዋሻው ውስጥ በ35 ደቂቃ ያሻግራል፤ ለሚቸኩል ሰው እሱ ይሻላል። ግን ባሕር አያሳይም። እናቴ የመርከቡን አጥር ይዛ የዶቨር ነጫጭ ገደሎች እስኪርቁ ድረስ ቆመች። ሰማያዊ ይሆናል ብላ የጠበቀችው ውሃ እንደ ክረምት ሰማይ ግራጫ ነበር። ፊቷ ላይ የረጨውን ጠብታ በጣቷ ጠርጋ ቀመሰችው። «እውነትም ጨው ነው» አለች። ከዚያ ረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም።

ካሌ ላይ መውረጃው ለስላሳ ነበር። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመን የፈረንሳይ አውራ ጎዳና ላይ ነው። የክፍያ ማሽኑ የሚቆመው በግራ በኩል ነው፤ የእንግሊዝ መኪና መሪ ደግሞ በቀኝ። ስለዚህ ትኬቱን የሚወስደው ተሳፋሪው ነው፤ ዝቅ ባለች መኪና ውስጥ ደግሞ ማሽኑ ከራስ በላይ ይሆናል። ብቻዎን ከሆኑ ወርደው መዞር ይኖርብዎታል። እናቴ ቀበቶዋን ፈታ፣ በመስታወቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ፣ ትኬቱን መዛ ገባች። ከሁለተኛው ማሽን ጀምሮ ሳልነግራት መስታወቱን ታወርድ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የእህቴ ሳሎን በዘመድ ሞልቶ፣ ሕፃኗ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር፣ አንዷ ጎረቤት እናቴን «ባሕሩን እንዴት አዩት?» ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ቡናዋን አስቀመጠች። «ባሕሩስ ደኅና ነው» አለች። «ልጄን ፈረንጁ ዳገት ሊያስወጣብኝ ሲል እኔ ነኝ ያስቆምኩት።»