የወንድም ዕዳ በወንድም መዝገብ

የተማሪዎችን ስም መዝግቦ የሚያውቅ ሰው አንድ ችግር አይጠፋውም። በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ልጆች ይገኛሉ፤ የአንዱ የሒሳብ ማርክ በሌላው ስም ይጻፋል፤ ሰነፉ ሲመሰገን ትጉሁ ይገሠጻል። እኛ መምህራን መድኃኒቱን ከጥንት እናውቀዋለን፤ የአያትን ስም እንጨምራለን፤ ያም ካልበቃ ልጁን አስነሥተን ፊቱን እናያለን። ዛሬ የምጽፈው ግን የማንንም ፊት ስለማያይ መዝገብ ነው።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፥ በሜሪላንድ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚያ አገር ልጅ ወይም ወንድም ወይም እኅት ስላላችሁ፥ ታሪኩ ሩቅ አይመስላችሁም ብዬ አምናለሁ። የነገረኝ የልጅነት ባልንጀራዬ ነው፤ ስሙ እንዳይገለጥ ስለ ለመነኝ እርሱን ታላቁ፥ ወንድሙን ታናሹ እያልሁ እተርካለሁ። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።

ታላቁ ከሚስቱ ጋራ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ፥ በ2023 መጀመሪያ ላይ ቤት ለመግዛት ከአንድ ባንክ ብድር ጠየቀ። ቤቱ ሦስት መኝታ ክፍልና ልጆች የሚጫወቱበት ትንሽ ግቢ ነበረው። ሚስቱ የመጋረጃውን ቀለም እንኳ መርጣ ነበር። በመጋቢት ወር የመጣው ደብዳቤ ግን ብድሩ አለመፈቀዱን ገለጠ፤ ምክንያቱም የመኪና ዕዳ ሳይከፈል በመቅረቱ መኪናው በአበዳሪው መወሰዱ ነው ይላል። ታላቁ በዕድሜው የገዛው አንድ አሮጌ መኪና ብቻ ነው፤ እርሱንም የገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ ደጁ ላይ ቆሞ ያየዋል።

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በአሜሪካ አበዳሪ ሁሉ፥ ቤት አከራይም ብዙ ጊዜ፥ ሰውየውን ከመጠየቁ በፊት ክሬዲት ሪፖርት የሚባለውን መዝገቡን ይጠይቃል። መዝገቡ ሰው ከማን ስንት እንደ ተበደረ፥ በቀኑ እንደ ከፈለና እንዳዘገየ ያሳያል። ከመዝገቡም ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ማርክ ይወጣለታል። ይህን መዝገብ የሚይዘው መንግሥት አይደለም፤ ኢኩዊፋክስ፥ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በ1899 በአትላንታ ከተማ የተቋቋመ ነው፤ መሥራቾቹም፥ ነገሩ ያስገርማል፥ ሁለት ወንድማማች ነበሩ።

የማርኩ ዝቅ ማለት በገንዘብ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። 300,000 ዶላር ለ30 ዓመት በመቶ 6.5 ወለድ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,896 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ ወለዱ 7.5 ቢሆንበት 2,098 ያህል ይሆናል። ልዩነቱ በ30 ዓመት ተደምሮ ከ72,000 ዶላር ይበልጣል። ሌላ ሰው ባጠፋው ጥፋት ይህን የሚከፍል ሰው ሊኖር ነው ማለት ነው።

በዚያ አገር ሕግ፥ በመዝገቡ ምክንያት ብድር የተከለከለ ሰው ክልከላው በደረሰው በ60 ቀን ውስጥ መዝገቡን ያለ ዋጋ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት አለው፤ የከለከለውም ባንክ ከየትኛው ኩባንያ እንዳየው መግለጥ ግዴታው ነው። ታላቁ ጠይቆ ተቀበለ። ባነበበው ጊዜ ፊቱ ጠቆረ። መኪናው የተገዛበትን ዓመት፥ የመኪናውን ሻጭ ሠፈር ያውቀዋል፤ መኪናውንም ራሱ ተሳፍሮበታል። የታናሽ ወንድሙ መኪና ነበር።

«በስሜ ፈርሞ ገዛበት» አለ። በዚያ ዓመት የትንሣኤ በዓል ሚያዝያ 16 ቀን ዋለ፤ ሁልጊዜ አብረው የሚፈስኩት ወንድማማቾች ያን ዕለት ተለያይተው ዋሉ። ታናሹ ስልክ ቢደውል ታላቁ አላነሣም። ልጆቹ «አጎታችን ለምን ቀረ» ብለው ቢጠይቁ መልስ አልተሰጣቸውም።

አንድ የሥራ ባልደረባ ደግሞ ምክር ለገሠው፤ የማንነት ስርቆት ደርሶብኛል ብለህ ለመንግሥት አመልክት፤ ሕጉ እንዲህ ያለ ማመልከቻ ከትክክለኛ መታወቂያ ጋራ የደረሰው ኩባንያ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ዕዳውን ከመዝገቡ እንዲያግድ ያዝዛል አለው። ምክሩ ስለ ሕጉ እውነት ነው፤ በእውነት ለተሰረቀ ሰውም ትልቅ መከታ ነው። ነገር ግን በማመልከቻው ላይ የሚፈርም ሰው ቃሉ እውነት መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሐሰት ቢሆን ይጠየቅበታል። ታላቁ ወረቀቱን ሞልቶ፥ በተጠርጣሪ ቦታ የወንድሙን ስም ጽፎ፥ ለፊርማ ብዕር ባነሣ ጊዜ ሚስቱ «የተፈረመውን ውል አይተኸዋል ወይ?» ብላ ጠየቀችው። አላየውም ነበር።

በማግሥቱ ለአበዳሪው ጽፎ የውሉን ግልባጭ ጠየቀ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመጣው ወረቀት በታናሹ ስም፥ በታናሹ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፥ በታናሹ ፊርማ የተጻፈ ነበር። ሥራውን ባጣ ጊዜ መክፈል ስላልቻለ መኪናው ተወስዶበታል። ታናሹም ቤቱ ድረስ ተጠርቶ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ መኪናውን ያጣሁት እኔ ነኝ፤ አፍሬ ደበቅሁህ። በስምህ ግን አልፈረምሁም» አለው። ታላቁ ያን ያልተፈረመ ወረቀት ቀድዶ እንደ ጣለው ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ።

ታዲያ ዕዳው እንዴት ወደ ታላቁ መዝገብ ገባ? ይህን ጉዳይ በረጅሙ ብናየው የሚገባ ነው፤ የእኛን አገር ስም የያዘ ቤተ ሰብ ሁሉ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ስለ ሆነ።

እኛ የቤተ ሰብ ስም የለንም፤ ወንድማማች ሁሉ በአባቱ ስም ይጠራል፤ በፈረንጅ ወረቀትም ያው የአባት ስም የመጨረሻ ስም ይሆናል። ደግሞ ሁለት ቃል ያለው ስም አለን። ለምሳሌ ያህል ታላቁ ተስፋ ማርያም፥ ታናሹ ተስፋ ሚካኤል ቢባሉ፥ የፈረንጅ ጸሐፊ «ተስፋ»ን የመጀመሪያ ስም፥ ቀሪውን የመካከል ስም ያደርገዋል፤ የመካከሉም ስም በአንድ ፊደል ሲያጥር ሁለቱም «ተስፋ ኤም.» ሆነው ቁጭ ይላሉ። የማርያምና የሚካኤል ልዩነት በአንድ ነጥብ ጠፋ። በላቲን ፊደል አንዱን ስም በሦስት በአራት ዓይነት የምንጽፈውም ነገሩን ያባብሰዋል።

የልደት ቀን ይለየናል ብላችሁ እንዳትጽናኑ። ስደተኛ ሆኖ የሄደና የልደት ቀኑን በወረቀት ማስረዳት ያልቻለ ብዙ ሰው ጥር 1 ቀን ተወለደ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱም ወንድማማች ጥር 1 ናቸው፤ የሚለያዩት በዓመቱ ብቻ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲውም ቁጥር እስከ ሰኔ 2011 ድረስ በየክፍሉ በተራ ይሰጥ ስለ ነበረ፥ አንድ ቀን አብረው ያመለከቱ ወንድማማቾች በመጨረሻው አኃዝ ብቻ የሚለይ ቁጥር ሊደርሳቸው ይችል ነበር፤ እነዚህም እንዲሁ ደርሷቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ቤት ኖረዋል። ከዘጠኙ አኃዝ ስምንቱ ሲገጥም፥ ስሙና የቀድሞው አድራሻ ሲገጥም፥ መኪናው (ማለቴ የሒሳብ መኪናው) «ይህ ሰው አንድ ነው» ይላል። እንዲህ ያለውን የተቀላቀለ መዝገብ ይሉታል፤ ከስርቆት የተለየ ነገር ነው፤ ሌባ የለበትምና።

በስም ብቻ መገጣጠም ምን ያህል እንደሚያሳስት በአገሪቱ ላይኛው ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ጉዳይ ያሳያል። በ2011 በካሊፎርኒያ መኪና ሊገዛ የሄደ ራሚሬዝ የተባለ ሰው፥ ትራንስዩኒየን ስሙን መንግሥት ከሚያሳድዳቸው ወንጀለኞች ስም ጋራ አመሳስሎ ስለ መዘገበው ሻጩ አልሸጥልህም አለው፤ መኪናውን በሚስቱ ስም ገዙ። ጉዳዩ የ8,185 ሰዎች ሆኖ ቀረበ። በ2021 ላይኛው ፍርድ ቤት መዝገባቸው ለሌላ ሰው የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ካሳ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ፈረደ። የቀሩት፥ ስሕተቱ በመሳቢያ ውስጥ የቀረላቸው፥ አልተጐዱም ተባለ። እኔ በበኩሌ ይህ ፍርድ አይዋጥልኝም፤ ነገር ግን ፍርድ ነው።

ስሕተቱም እምብዛም የማይገኝ አይደለም። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት 1,001 ሰዎች መዝገባቸውን እንዲያነብቡ ሲደረግ፥ ከመቶ 26ቱ ከሦስቱ መዝገቦቻቸው ቢያንስ በአንዱ ማርካቸውን ሊነካ የሚችል ስሕተት አግኝተዋል።

ወደ ታላቁ እንመለስ። መጀመሪያ አቤቱታውን ያቀረበው በኢንተርኔት ነው። «ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም» የሚለውን ቦታ ነክቶ ላከው። በሦስት ሳምንት መልስ መጣ፤ «ተረጋግጧል» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። የሆነው እንዲህ ነው። ኩባንያዎቹ የሰውን አቤቱታ በጥቂት አኃዝ ምልክት አሳጥረው ለአበዳሪው ይልኩታል፤ አበዳሪውም ስሙንና አድራሻውን ከራሱ መዝገብ ጋራ አስተያይቶ «አዎን» ይላል፤ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። በ1997 በፊላዴልፊያ የተሰየመው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በትራንስዩኒየን ላይ በቀረበ ክርክር፥ አበዳሪው ያለውን መልሶ መድገም ብቻ ሁልጊዜ በቂ ምርመራ እንደማይሆን ተናግሯል። ይሁን እንጂ ምርመራ የሚሻ ሰው የሚመረመር ነገር መላክ አለበት።

ስለዚህ ታላቁ ሁለተኛውን አቤቱታ በወረቀት ጻፈ። ሚስቱና ታናሹ አብረው ተቀመጡ፤ የጻፉትም በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙሉ ስሙን፥ የልደቱን ቀንና አድራሻውን ጽፎ፥ የዕዳውን ቁጥር ጠቅሶ፥ ይህ ዕዳ የወንድሜ ስለ ሆነ ከእኔ መዝገብ ይሰረዝ፤ የሁለታችንም መዝገብ ይለያይ አለ። የመታወቂያውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱን፥ የአበዳሪውን ውል ግልባጭ አያያዘ፤ ዋናዎቹን ከቤት አስቀረ። ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ግን ታናሹ በገዛ እጁ የጻፈው አንድ ገጽ ነው፤ ዕዳው የእኔ ነው፥ ቁጥሬ ይህ ነው፥ ወንድሜ ከዚህ ውል ምንም የለውም ይላል። አንዱን ቅጂ ለኩባንያው፥ ሁለተኛውን ለአበዳሪው በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ የመድረሻውንም ደረሰኝ በደብተር ውስጥ አኖሩ።

በ1970 የወጣው የመዝገብ ሕግ ለኩባንያው የሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ባለጉዳዩ በመካከሉ ተጨማሪ ማስረጃ ቢልክ 15 ቀን ይጨመራል። ኩባንያው አቤቱታውን በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለአበዳሪው ማሳወቅ፥ ውጤቱንም በጽሑፍ መግለጥ አለበት። አዲስ ማስረጃ የሌለውን ድግግሞሽ አቤቱታ ግን ፍሬ ቢስ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል፤ ስለዚህ ያንኑ ቃል አሥር ጊዜ መላክ አይጠቅምም። ምርመራው ሳይስማማው የቀረ ሰው የራሱን ቃል እስከ መቶ ቃላት በመዝገቡ እንዲጻፍለት ለመጠየቅ ይችላል። ገንዘብ አስቀድመው ተቀብለው መዝገብ እናነጻለን የሚሉ ነጋዴዎችም አሉ፤ በ1996 የወጣ ሕግ ሥራውን ሳይፈጽሙ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላቸዋል። አዲስ ቁጥር እናወጣልሃለን የሚለውንስ ከደጅ መመለስ ነው።

በ27ኛው ቀን መልስ መጣ፤ ዕዳው ተሰርዟል። ታላቁም ሕጉ እንደሚፈቅድለት፥ ባለፉት ስድስት ወራት መዝገቡን ላዩ ሁሉ እርማቱ እንዲላክላቸው ጠየቀ፤ ባንኩም ደረሰው። ቤቱ ግን በዚያ መካከል ለሌላ ሰው ተሸጦ ነበር። ሚስቱ መጋረጃውን ገዝታ ስለ ነበር ለአንድ ዓመት በሣጥን ውስጥ አኖረችው።

ደስታውም ሙሉ አልነበረም። በኅዳር ወር ያው ዕዳ ለአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ኩባንያ ተሸጦ፥ በአዲስ ስምና በአዲስ ቁጥር ወደ ታላቁ መዝገብ ተመልሶ ገባ። ታላቁ ግን ደብተሩ ነበረው። የፊተኛውን ውሳኔ ግልባጭ ከታናሹ ደብዳቤ ጋራ አያይዞ ላከ፤ በወር ውስጥ ተሰረዘ። ሦስቱ ኩባንያዎች ከ2023 ጀምሮ ማንም ሰው መዝገቡን በየሳምንቱ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት በሚባለው የጋራ ድረ ገጽ ያለ ዋጋ እንዲያይ በቋሚነት ስለ ፈቀዱ፥ አሁን በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ሦስቱንም ያነብባል። ሦስቱን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ያረመውን ሌላው አያርመውምና።

በ2024 መጨረሻ ሌላ ቤት ገዙ፤ ግቢው ከፊተኛው ያንሳል፤ መጋረጃውም ለመስኮቱ ስለ ረዘመ ተቈረጠ። ለምርቃቱ ታናሹ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ዕዳው ዛሬ በእርሱ መዝገብ፥ በእርሱ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ከሰብሳቢው ጋራ ተስማምቶም በየወሩ ይከፍላል።