የማይዘጋው መዝገብ

ባልና ሚስት ሲፋቱ ቤቱ ይሸጣል፤ ካልተሸጠም አንደኛው ለሌላው ግማሹን ግምት ከፍሎ ያስቀረዋል። መኪናውም፣ የባንክ ሒሳቡም፣ ዕቁቡም ሳይቀር ይካፈላሉ። የንብረቱ ፍርድ ጸንቶ የይግባኙ በር ከተዘጋ በኋላ እንደገና እንካሰስ ማለት አይቻልም። የልጅ ነገር ግን እንዲህ አያልቅም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 እንደሚለው፣ ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው ውሳኔ ሁኔታው ሲለወጥ በፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት ወይም ባለጉዳይ ሲያመለክት ሊለወጥ ይችላል። አባት ሥራ ቢያጣ፣ እናት ታማ አልጋ ብትይዝ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ብትዛወር መዝገቡ እንደገና ይንቀሳቀሳል።

ይህን ሳያውቁ ችሎት የሚገቡ ወላጆች ክርክሩን እንደ አንድ ጊዜ ጦርነት ያዩታል። ዘመድም በስልክ የሚጠይቀው «ልጁን ማን ወሰደው?» እያለ ነው።

የተሳሳተ እምነትም አለ። «ሕፃን የእናቱ ነው፤ ሕጉም ይኸው ነው» ሲባል በየሰፈሩ ይሰማል። አባባሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ካልገጠመ በቀር ልጅ አምስት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር እንዲኖር ያዝዝ ነበር። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ግን ይህ የዕድሜ ገደብ የለም። ዳኛው የሚመዝነው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከዚያም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። (አዋጁ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። እንደ አማራና ኦሮሚያ ያሉ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።) ገቢ መጀመሪያ መጠቀሱ ያስደነገጣት እናት ካለች ትረጋጋ፤ ደሞዙ የሚበልጠው ወላጅ ልጁን ይወስዳል ማለት አይደለም። ቀለብ የሚቆረጠው እኮ ኪሱ የሳሳው ወላጅም ልጁን ማሳደግ እንዲችል ነው።

የሽማግሌዎች ድርሻም ተቀይሯል። በቀድሞው ሕግ ፍቺን ራሳቸው ይወስኑ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዛሬ ያን ሥልጣን አጥተዋል፤ ጋብቻ የሚፈርሰው በፍርድ ቤት ብቻ ነው። የቀራቸው ማስታረቅ ነው። አንደኛው ወገን የፍቺ አቤቱታ ሲያቀርብ ዳኛው መጀመሪያ ራሱ ያነጋግራቸዋል፤ ካልሆነለት ወደመረጧቸው ሽማግሌዎች ይመራቸዋል፤ እሱም ካልሠመረ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። በዚህ መካከል ልጆቹ የት ይሁኑ፣ ምን ይብሉ የሚለው አይንጠለጠልም፤ ሕጉ አቤቱታው እንደቀረበ ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥበት ያስገድዳል።

ሽማግሌዎቹ አብዛኛውን ጉልበታቸውን «ታረቁ» በማለት ይጨርሱታል። እርቁ እንዳበቃለት እያዩ እንኳ ሰኞ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት ማን ያድርሰው ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ እምብዛም አይገኝም። እነሱ ግን ከዳኛው ይልቅ ቤቱን ያውቁታል፤ አያትየዋ ጉልበቷ እንደደከመም፣ አባትየው የሌሊት ተረኛ እንደሆነም ያውቃሉ።

በስምምነት ለሚፋቱ ደግሞ ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። ሕጉ የፍቺውን ውጤት በሚመለከት ስምምነታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይፈቅድላቸዋል። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው፣ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን ራሱ ያስተካክላል። ችግሩ «አባት ልጁን በፈለገ ጊዜ ያያል» በምትል አንዲት ደግ መሳይ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። በፈለገ ጊዜ ማለት መቼ ነው? ማክሰኞ ማታ ልጁ ሊተኛ ሲል? ጠቡ ያልበረደላቸው ሰዎች ይህችን ዓረፍተ ነገር በየሳምንቱ እንደገና ይከራከሩባታል። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ፋሲካ ወይም ኢድ ዘንድሮ ከማን ጋር፣ ለከርሞ ከማን ጋር እንደሆነ ይጻፍ። የክረምቱ ዕረፍት፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የደንብ ልብሱ፣ ድንገት ሆስፒታል ቢገባ የሚወጣው ወጪ፣ ልጁን የሚያስረክበውና የሚረከበው ሰው፣ ሁሉም ይጻፍ። ዝርዝሩ ያሰለቻል፤ ይሁን።

ቀለብንና መጠየቅን ማያያዝም ሌላው ወጥመድ ነው። «ካልከፈለ አያይም» ትላለች እናት፤ «ካላሳየችኝ አልከፍልም» ይላል አባት። ሁለቱም የሚቀጡት ልጁን ነው። ሕጉ አንዱን የሌላው ዋጋ አላደረገውም። ቀለብ የማይከፍል አባት ሲገጥም የአፈጻጸም ክስ ይከፈታል፤ ደሞዝተኛ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ቀንሶ እንዲልክ ሊታዘዝ ይችላል። ደሞዝ የሌለው ነጋዴ ሲሆን ገቢውን ማስረዳቱ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የገንዘቡ መጠን በጠያቂው ፍላጎትና በከፋዩ አቅም የሚለካ በመሆኑ፣ ኑሮ ሲወደድ ይጨመርልኝ ማለትም ይቻላል።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ነው፤ ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ቀዳሚው የሕፃኑ ጥቅም እንደሆነ ይናገራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጉዳዩ ከፍቺ የመጣ አልነበረም። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድገው ሳለ አባቱ ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ተከራከረ። ሕጉ ሲነበብ አንድ ወላጅ ከሞተ ሌላው ይተካል ይላል። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ለአክስቱ ፈረደ። ከልጁ ርቆ የቆየ ወላጅ ወላጅነቱን ብቻ ይዞ ቢመጣ ላይበቃው እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ዳኞችም ጠበቆችም ያውቃሉ።

በውጭ አገር የተፋቱ ቤተሰቦች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለባቸው። ለምሳሌ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቦሌ ሲደርስ በራሱ አይሠራም። እንዲፈጸም ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉም ያ አገር የኢትዮጵያን ፍርድ ይፈጽም እንደሆነ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከአገር አገር የተወሰዱ ልጆችን የሚያስመልሰውን የ1980ውን (እ.ኤ.አ.) የሄግ ስምምነት ካልተቀበሉ አገሮች መካከል ናት። ልጁን ለክረምት አያቶቹ ዘንድ የሚልክ ወላጅ፣ የመመለሻውን ቀን ትኬት ሳይቆረጥ በጽሑፍ ቢያስፈርም፣ የሚቻል ከሆነም ልጁ በሚኖርበት አገር ፍርድ ቤት ቢያስጸድቀው ይመከራል።