የቀበርቾ አበባ

ከአራስ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ የሚቀበለውን፣ ከዕጣን የከበደና መረር ያለውን የቀበርቾ ጢስ የማያውቅ በመካከላችን ጥቂት ሰው ነው፤ ነገር ግን ያ ሥር ከመሬት ከመውጣቱ አስቀድሞ ምን ዓይነት አበባ ተሸክሞ እንደ ነበር የሚነግረን ሰው ብንፈልግ፣ ከቆፋሪዎቹና ከጥቂት የዕፅዋት ሊቃውንት በቀር አናገኝም።

ቀበርቾ ከአገራችን ምድር በቀር በሌላ አገር ዱር የማይገኝ፣ ከአደይ አበባ፣ ከኑግና ከሱፍ ጋር በአንድ ቤተ ዘመድ የሚቈጠር ተክል ነው፤ የዚህም ቤተ ዘመድ ዝርያዎች በዓለም ሁሉ ከ20,000 ይበልጣሉ። ሳይንሳዊ ስሙን ያወጡለት ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ፣ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ሳይለውጡ ኤኪኖፕስ ቀበርቾ ብለውታል።

ቅጠሉ የተሰነጣጠቀና እሾሃም ስለ ሆነ ከብት አይደፍረውም። አበባውን ግን ቀርቦ ለተመለከተው ሰው፣ ከሩቅ አንድ ድቡልቡል ራስ መስሎ የታየው ነገር ብዙ ሆኖ ይገኛል፤ በአደይ አበባ ራስ ጥቃቅኖቹ አበቦች ሁሉ በአንድ ማቀፊያ ሲሰበሰቡ፣ በቀበርቾ ራስ ላይ ግን እያንዳንዷ አበባ የራሷን እሾሃም ማቀፊያ ለብሳ፣ በአንድ ገዳም ቅጥር ውስጥ በየበዓቱ እንደሚኖር ማኅበረ መነኮሳት፣ ከእኅቶቿ ጋር ሆና ለብቻዋ ትኖራለች። ንብ ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ እየተዘዋወረች ስትቀስም ማየት፣ ለእኔ በበጋ መግቢያ ሜዳ ላይ ከሚታየው ሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው።

ክረምቱ አልፎ ተክሉ አብቦ፣ ፍሬውንም አብስሎ ግንዱ ሲደርቅ፣ ሕይወቱ በምድር ውስጥ በተሰወረው ወፍራም ሥር ተጠብቃ ለከርሞ ታቈጠቍጣለች። ሰው የሚሻውም ይህንኑ ሥር መሆኑ ነው መከራው። በገበያ ጆንያ ላይ ተከምሮ የምናየው፣ ልጡ የጠቈረና ሲሰብሩት ሽታው አፍንጫ የሚወጋ እንጨት መሰል ነገር፣ በገል ላይ በተቀመጠ ፍም ይጨሳል፤ ትንኝንና እባብን ያርቃል፣ ክፉ መንፈስንም ያስወጣል ይባላል፤ ለሳልና ለሆድ ቁርጠትም ይታኘካል። ከሥሩ የሚወጣው ዘይት በቤተ ሙከራ ሲፈተን በአንዳንድ ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ ኃይል እንዳለው ስለ ተገኘ፣ የእናቶቻችን ልማድ ከንቱ ነበር የሚል ቢኖር ፈጥኖ ባይፈርድ ይሻለዋል።

ቅጠሉ የሚፈለግ ተክል ቢቀነጠስ መልሶ ያቈጠቍጣል፤ የቀበርቾ ሥር ግን በዶማ ሲነቀል ያመቱ ብቻ ሳይሆን የሚመጡት ዓመታት ሁሉ አበባ አብሮ ይነቀላል፤ ይልቁንም ፍሬው ሳይበስል የተቈፈረ እንደ ሆነ፣ በስፍራው የሚተካው ዘር እንኳ አይቀርም። ስለዚህ ቆፋሪው የአበባው ራስ ደርቆ ፍሬው እስኪለቅ ድረስ ቢታገሥ፣ ዘሩንም በእጁ አራግፎ በቈፈረው አፈር ላይ ቢበትነው፣ ከቤቱም አጥር ሥር ጥቂቱን ቢዘራ፣ ለከርሞ የሚሸጠውን ሥር ፍለጋ እስከ ሩቅ ተራራ አይደክምም ነበር።