የበረንዳ ሀንድሬል፦ ቅናሹ ከየት መጣ?

የበረንዳ ሀንድሬል ለማሠራት ዋጋ ስታጠያይቁ አንዱ ከሌላው በጣም ቀንሶ ከሰጣችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩልኝ።

አንደኛ ሚዛኑን። 40 በ40 ቱቦላሬ በ2 ሚሊ ውፍረት፣ የ6 ሜትሩ ቤርጋ 14 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 1.5 ሚሊው ግን 11 ኪሎ አይሞላም። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። እኔ ሁሌም የቤርጋውን ዋጋ ለክብደቱ አካፍዬ ነው የማወዳድረው። "ርካሽ" የተባለው ብዙ ጊዜ ቀጭን ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ እግሩን። ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነው። 1 ሜትር ከፍታ ላይ ሰው በ90 ኪሎ ጉልበት ቢደገፈው፣ በውስጥ በኩል ያሉት ቡሎኖች ከፕሌቱ ውጫዊ ጠርዝ 10 ሳንቲም ብቻ ቢርቁ፣ 900 ኪሎ ገደማ ይስባቸዋል። አሥር እጥፍ ማለት ነው! አጭር ቡሎን ሴራሚኩና ሊሾው ላይ ከቀረ ይነቀላል። ስለዚህ ረዘም ያለ ቡሎን አርማታው ውስጥ በደንብ ይግባ፣ ከሶሌታው ጠርዝም ይራቅ። ሶሌታ ገና ያልሞላችሁ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ፤ እግር ያለው ፕሌት ከፌሮው ጋር ታስሮ አብሮ ይሞላ።

ቀሪውን ሂሳብ ከመስጠታችሁ በፊት እያንዳንዱን ቋሚ ከውስጥ ሆናችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። እግሩ ጋ ከተነቃነቀ እንዳትረከቡ። የቡሎንና የፕሌት ወጪ ከጠቅላላው ሂሳብ ትንሹ ነው፤ እሱ ላይ አትቆጥቡ።

ነገ በፌሮ ዋጋ እንገናኝ።