«ዓመተ ምሕረት»፦ የአዳም ኃጢአትና ጸጋ በክርስትና እምነት

በኒካሕ ውሎቻችንና በመድረሳ የምስክር ወረቀቶቻችን ላይ ከዓመቱ ቁጥር ቀጥለን «ዓ.ም.» ብለን እንጽፋለን፤ «ዓመተ ምሕረት» ማለት ነው። ስያሜው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ኃጢአትና ስለ ፈጣሪ ቸርነት የምታስተምረውን በሁለት ቃላት ይዟል። በትምህርቷ መሠረት ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው 5500 ዘመን «ዓመተ ፍዳ» ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የምሕረት ዘመን ነው።

ይህን ማወቅ ለመምህራንና ለኢማሞች ትርፍ ነገር አይደለም። በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪውን ያጎራበተው ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ ሃይማኖት አይለይም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ተማሪዎቻችን በመስጊድ ስለ ክርስትና የሰሙትን እዚያው ደረጃ ላይ ከሚያገኙት ጎረቤት ጋር ያስተያዩታል። የተነገራቸው ስሕተት ሆኖ ከተገኘ በመምህራቸው ላይ ያላቸው እምነት ይሸረሸራል። ከተለመዱት ስሕተቶች አንዱ «ክርስቲያኖች የሚድኑት በጸጋ፣ እኛ የምንድነው በሥራ ነው» የሚለው ንጽጽር ነው። ንጽጽሩ እነርሱንም እኛንም በትክክል አይገልጽም።

በተዋሕዶ ትምህርት የአዳም በደል «ጥንተ አብሶ» ይባላል። አዳም ትእዛዝ በመተላለፉ የጸጋ ልጅነቱን አጣ፤ ባሕርዩ ጎሰቆለ፤ ሞትም ወደ ዘሩ ተላለፈ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን የሚጠመቁት ከዚህ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ስለሚተርክ፣ ሕፃኑ በእነዚያው ቀናት በጥምቀት የጠፋውን ልጅነት ይቀበላል ተብሎ ይታመናል። ከጥምቀት በኋላ ለሚሠራ ኃጢአት ግን ለንስሐ አባት መናዘዝ፣ የታዘዘውን ቀኖና መፈጸምና ሥጋ ወደሙን መቀበል ይጠበቃል። ጾምና ምጽዋትም ከዚህ ሕይወት አይለዩም። እንግዲህ ጸጋ እዚህ ሥራን የሚያስቀር አይደለም።

በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምትከተለው የሉተርን ትምህርት ነው። በዚህ ትምህርት ሰው በፈጣሪ ፊት የሚጸድቀው በጸጋ ብቻ፣ በእምነት በኩል ነው፤ በጎ ሥራ የጽድቅ ዋጋ ሳይሆን የእምነት ፍሬ ነው። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወትም መዳን በጸጋ መሆኑን ያስተምራሉ፤ ጥምቀትን ግን የሚሰጡት ራሱ አምኖ ለሚመሰክር ሰው ነው። «እንግዲያው እንደፈለጉ ኃጢአት መሥራት ተፈቅዶላቸዋል» ማለትም ትክክል አይደለም፤ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 ይህንኑ ድምዳሜ አጥብቆ ይቃወማል።

ልዩነቱ በኀዘን ጊዜም ይታያል። በአንድ ሕንፃ ላይ የኦርቶዶክሱ ቤተሰብ በ40ኛው ቀን ለሟቹ ጸሎት ያስደርጋል፣ ይመጸውታል፤ የፕሮቴስታንቱ ቤተሰብ ግን ሟቹ በጸጋ የዳነው በሕይወት ሳለ ስለሆነ ከሞት በኋላ ስለ ነፍሱ አይማልድም። ሁለቱን ቤተሰቦች «ክርስቲያኖች እንዲህ ያምናሉ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጠቅለል ሁለቱንም አለማወቅ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ቁርኣን የአዳምን መተላለፍ አይሸሽግም። ሆኖም በሱረቱል በቀራህ 37ኛ አንቀጽ አላህ ቃላትን እንዳስተማረውና ተውባውን እንደተቀበለው ይነግረናል። በሱረቱል አንዓም 164 እና በሱረቱን ነጅም 38 ማንም የሌላውን ሸክም እንደማይሸከም ተደንግጓል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የፊጥራ ሐዲሥም ሕፃን ሁሉ በንጹሕ ተፈጥሮ እንደሚወለድ ያስረዳል። ስለዚህ የሚወረስ በደል የለም።

ይህ ማለት ግን ሙስሊም በሥራው ጀነትን ይገዛል ማለት አይደለም። በሁለቱ ሶሒሖች የሰፈረ ሌላ ሐዲሥ ማንንም ሥራው ብቻውን ጀነት እንደማያስገባው፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሳይቀሩ የአላህ ራሕመት ካልሸፈናቸው በቀር እንደማይገቡ ይገልጻል። ሥራ ግዴታ ነው፤ ጀነት መግባት ግን የአላህ ፈድል ነው።

እውነተኛው የልዩነት ነጥብ «ሥራ ወይስ ምሕረት» የሚለው እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ጥያቄው ምሕረት በምን መንገድ ይደርሳል የሚለው ነው። ከላይ የተጠቀሱት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ሰው ከአዳም ውድቀት የዳነው በክርስቶስ ቤዛነት ነው ይላሉ። እስልምና ቤዛ አያስፈልግም ይላል፤ ተውባ በባሪያውና በጌታው መካከል ያለ ቀጥተኛ መመለስ ነው። ኢማም አን-ነወዊ እንደዘረዘሩት መሥፈርቶቹ ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ናቸው፤ በደሉ የሰው ሐቅ ከሆነ ደግሞ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ይታከላል።

በ548 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት አሽ-ሸህረስታኒ «አል-ሚለል ወን-ኒሐል» በተሰኘው ሥራቸው የየወገኑን እምነት ከራሱ መጻሕፍት ያለ ወገንተኝነት ለማቅረብ ለራሳቸው ሸርጥ አስቀምጠው ነበር። ይህ ሸርጥ ለኹጥባና ለመማሪያ ክፍልም ይሠራል። ስለ ጸጋ የሚናገር ኡስታዝ በመጀመሪያ ስለ የትኛዋ ቤተ ክርስቲያን እንደሚናገር ይግለጽ፤ ጎረቤቱ ቢሰማው «አዎን፣ እምነቴ ይህ ነው» በሚልበት ቃል ያቅርበው፤ ከዚያ በኋላ የተውሒድን መልስ ይስጥ። ሱረቱል ዐንከቡት 46 የመጽሐፉን ሰዎች በመልካሚቱ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ያዘናል፤ የዚያች መንገድ መጀመሪያም ያሉትን ሳያዛቡ መጥቀስ ነው።