የታክሲ ሾፌሮች እሽቅድምድምና የዕለት ገቢ ውል

ተሳፋሪ ለመቅደም ሾፌር ከሾፌር ጋር የሚያደርገው ሽሚያ በአዲስ አበባ ጎዳና ዘወትር የሚታይ፣ ዘወትርም የሾፌሩ ምግባር ጉድለት ተብሎ የሚነቀፍ ቢሆንም፣ እኔ እንደማምነው የነገሩ ሥር ከሰውየው ጠባይ ይልቅ የድካሙን ዋጋ በሚቀበልበት ሥርዓት ላይ ይገኛል።

የሾፌሩን አነዳድ ሥርዓቱ እንደሚወስነው ከሁሉ የሚደንቀው ምስክር በሜክሲኮ አገር ያለችው ኩዌርናቫካ ናት። በዚያች ከተማ አውቶቡሶቹን የሚያሰማራ አንድ መሥሪያ ቤትም ሆነ የተወሰነ የሰዓት ሰሌዳ ስላልነበረ፣ ሾፌሩ ከፊቱ የሄደው መኪና ገና አሁን አልፎ እንደ ሆነ መንገደኛ እስኪሰበሰብ ዝግ ይላል፤ ካለፈ ቆይቶ እንደ ሆነ ግን ኋለኛው ሳይደርስበት የተሰበሰበውን ሰው ለማንሣት ይፈጥናል። የቀደመው መቼ እንዳለፈ የሚነግሩትም በየመንገዱ ዳር ቆመው ሰዓት እየመዘገቡ ወሬውን በጥቂት ገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚላን ክርባሌክና ፔትር ሼባ የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት የአውቶቡሶቹን ማለፊያ ሰዓት ቢመረምሩ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ዊግነር ስለ ከባድ አቶሞች ኑክሊየስ ባመጣው የሒሳብ ሥርዓት ልክ ተደልድሎ አገኙት፤ በ2006ም አራት የሒሳብ ሊቃውንት ይህ የሚሆንበትን ምክንያት በቀመር አስረዱ። አዛዥ የሌላቸው ተፎካካሪዎች የባልንጀራቸውን ሁኔታ ሲያውቁ ክፍተታቸውን ጠብቀው መሄዳቸው ታላቅ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ፉክክሩ ያለ ዋጋ አይገኝም። በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ፣ በተሳፋሪው ቁጥር የሚከፈላቸውን ሾፌሮች ቁርጥ ደመወዝ ካላቸው ጋር ያነጻጸረው ጥናት፣ በፊተኞቹ ዘንድ የመንገደኛው የጥበቃ ጊዜ ያጠረ፣ አደጋው ግን የበዛ መሆኑን አሳይቷል።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙው የሚኒባስ ሾፌር ለባለንብረቱ ቁርጥ የዕለት ገቢ ያስገባና፣ ነዳጁን ሸፍኖ የተረፈውን ከረዳቱ ጋር ይካፈላል፤ ስለዚህ የማለዳው ድካም ለባለንብረቱ፣ የማታው እሽቅድምድም ለገዛ ልጆቹ እንጀራ ይሆናል። ተራ አስከባሪው በመነሻው ላይ ወረፋ ቢያስይዝም፣ መኪናው ሞልቶ ከወጣ በኋላ በመንገዱ መካከል የቆመችው እናት የሚያነሣት አታገኝም፤ ባዶ ወንበር የተገኘ እንደ ሆነም እርሷን ለማንሣት ሁለት ሾፌሮች ይጋፋሉ።

እንግዲህ ባለንብረቶችና የከተማው የትራንስፖርት ሹማምንት፣ በሾፌሩ ላይ ቅጣት ከማክበዳቸው አስቀድሞ ይህን የዕለት ገቢ ውል ይመርምሩት፤ ለሾፌሩ የታወቀ ደመወዝ፣ በላዩም ለትጋቱ የሚገባውን ድርሻ ይቁረጡለት።