ናኖቦት (የካንሰር መድኃኒት ተሸካሚ)

ናኖቦት በፈሳሽ ውስጥ በራሱ ኃይል እየተንቀሳቀሰ መድኃኒት የሚያደርስ፣ በዓይን የማይታይ ደቂቅ ቅንጣት ነው። መጠኑ በናኖሜትር ይለካል፤ አንድ ሚሊሜትር 1,000,000 ናኖሜትር ነው። ስሙ «ሮቦት» ከሚለው ቃል ቢወጣም በውስጡ ሞተርም፣ ኮምፒዩተርም፣ ፕሮግራምም የለም። የሚያንቀሳቅሰው ኬሚስትሪ ብቻ ነው።

በደም ሥር የሚሰጡ የተለመዱ ናኖ ተሸካሚዎች ደሙ ወደወሰዳቸው ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹንም ጉበትና ጣፊያ ያስቀሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ10 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ከተሰጠው መጠን ዕጢው ዘንድ የሚደርሰው 0.7 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኙት። ከ1,000 ቅንጣቶች 7 ማለት ነው።

አሠራር

እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ የፕላቲኒየምና የወርቅ ዘንጎች ተሠሩ። ነዳጃቸው ግን ሕዋስን የሚጎዳ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ነበር። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ያለ ነዳጅ ተፈለገ፤ ከተገኙትም አንዱ በሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ናኖቦት አካል ቀዳዳ የበዛበት የሲሊካ ድብልብል ሲሆን ላዩ ላይ ዩሪዬዝ የተባለ ኤንዛይም ይለጠፋል። ኤንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በገጹ ላይ እኩል ስላልተሰራጨ ለውጡ በአንድ ወገን ይበረታል፤ ቅንጣቱም ይገፋል። ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ነገር ግን የሚወጣው አሞኒያ በአካባቢው ያለውን አሲድነት ስለሚቀንስ የዕጢውን ሕዋሳት የሚያያይዘው መረብ ይላላል፤ ቅንጣቱም ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

የሽንት ፊኛ ካንሰር ሙከራ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በባርሴሎና በሳሙኤል ሳንቼዝ የሚመራ ቡድን ውጤቱን በ«ኔቸር ናኖቴክኖሎጂ» መጽሔት አሳተመ። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን የተሸከሙ ናኖቦቶች አንድ ጊዜ ብቻ ፊኛቸው ውስጥ የተሰጧቸው አይጦች ዕጢ በ90 በመቶ ገደማ አነሰ። አነሰ ማለት ጠፋ ማለት አይደለም፤ የተሞከረውም በሰው ላይ አልነበረም። ዜናውን «ካንሰር ዳነ» ብሎ ማሰራጨት ስሕተት ነው።

በኢትዮጵያ

ለፊኛ ካንሰር ከሚያጋልጡት አንዱ የሽንት ቧንቧ ቢልሃርዚያ ሲሆን እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። ሐይቅን ጨምሮ በደቡብ ወሎ የሚታወቀው የአንጀት ቢልሃርዚያ ሌላ ዝርያ ነው፤ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ሁለቱም በፕራዚኳንቴል ክኒን ይታከማሉ። የሽንት ቧንቧው ዓይነት ዋና ምልክት ደም የተቀላቀለበት ሽንት ነው።